ተመልካችና ተጋዳይ

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን ተብሎ የሚጠራው የገበያ ሰፈር፣ ስሙን ከሩቅ ምሥራቅ ደሴት የተዋሰ፣ ልብሱና የቤት ዕቃው፣ ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ኦሮሞውና ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዋጋ እየተከራከሩ ይገበያዩበታል። እንዲህ ባለው ሰፈር ታላቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ በሚደረግበት ሰዓት የሚሆነውን፣ በአገራችን ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዋጋው ክርክር ይበርዳል፤ ነጋዴውም ተሸካሚውም ቴሌቪዥን ወደ አለበት ቤት ይሰበሰባል። የሚጫወቱት በእንግሊዝ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ተመልካች አያውቁትም፤ ቢያሸንፉ ወይም ቢሸነፉ በገበታው ላይ የሚጨመርለት ወይም የሚቀነስበት እንጀራ የለም። እርሱ ግን እነዚያ ባሸነፉ ጊዜ «አሸነፍን» ይላል እንጂ «አሸነፉ» አይልም።

ይህች «አሸነፍን» የምትባል ቃል ምርመራ የሚገባት ናት። አንዳንድ ሰዎች ነገሩን «ከንቱ ነው» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ነገር ግን የተራበ ሰው የበላውን ምግብ ከመንቀፍ አስቀድሞ፣ ረኃቡ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የአስተዋይ መምህር ሥራ ነው። ሰው ላብ ሳያፈስ፣ እግሩንም ሳያነሣ፣ የሌላውን ጨዋታ እየተመለከተ ይህን ያህል የሚደሰተውና የሚያዝነው ስለምን ይሆን?

የፊተኛው ምክንያት፣ ሰው ለብቻው እንዲኖር አለመፈጠሩ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። የሮጠው አንድ ሰው ነው፤ ደስ ያለው ግን አገር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የኢትዮጵያ ቡድን በመደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 እኩል ከሆነ በኋላ በተጨመረው ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በሜዳው የተሰለፉት 11 ነበሩ፤ «አሸነፍን» ያለው ግን መላው ሕዝብ ነበረ።

ይህ ነገር ለክርስቲያን እንግዳ ትምህርት አይደለም። አንዱ ስለ ብዙዎች መቆሙን፣ የአንዱም ድል ለብዙዎች መቈጠሩን ሃይማኖታችን ከመሠረቱ ያስተምራል። በአዳም መውደቅ ሁላችን ወደቅን፤ በክርስቶስ ድል መንሣት ሁላችን ድል ነሣን። እንግዲህ «አሸነፍን» እያለ የሚጮኸው ወጣት፣ ሳያውቀው የሚራበው ከዋንጫ ለሚበልጥ ድል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርድን መውደድ ነው። በገበያ ብዙ ጊዜ ባለገንዘቡ ድኻውን ሲያሸንፈው እናያለን፤ ፍጻሜውም አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል። በኳስ ሜዳ ግን ለሁለቱ ወገን መለኪያው አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ 90 ደቂቃውም እኩል ነው፤ ዳኛው ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ ደካማው ብርቱውን ሊያሸንፍ ይችላል። ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይነሣሣል፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ዳኛና ያልተቈረጠ ተስፋ ከሥጋ ምግብ ይልቅ ለነፍስ ያስፈልጋሉ። ሦስተኛውም፣ በቋንቋና በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ በአንድ ደስታ መተቃቀፋቸው ነው። እነዚህ ሦስቱ ረኃቦች በራሳቸው ነቀፋ የለባቸውም፤ በነፍሳችን ያኖራቸው ፈጣሪ ነው። በልደት በዓል የገናን ጨዋታ ሲጫወት ለኖረ ክርስቲያን ሕዝብም፣ ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው ብሎ ማስተማር አይስማማውም።

እንግዲህ አደጋው የት ነው? መልሱን ከዳዊትና ከጎልያድ ታሪክ ማግኘት እንችላለን። ዳዊት ወደ ጎልያድ በወጣ ጊዜ የእስራኤል ሠራዊት በሙሉ ተመልካች ነበረ። አንዱ እረኛ ስለ ሁሉ ቆመ፤ ድሉም የሁሉ ሆነ። ነገር ግን ግዙፉ ሰው በወደቀ ጊዜ ሠራዊቱ አጨብጭቦ ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም፤ እልል ብሎ ተነሣ፣ የሸሸውንም ጠላት አሳደደ። የአንዱ ድል በእውነት የብዙዎች የሚሆነው፣ ብዙዎችን ከተቀመጡበት ሲያስነሣቸው ነው። አይቶ ተደስቶ በነበረበት መቀመጥ ግን የድሉን ጣዕም ቀምሶ ድካሙን መሸሽ ነው፤ ይህም ሲለመድ ነፍስን ያሰንፋታል።

ነገሩ የዛሬ ዘመን ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ399 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ፣ ሕዝቡ በስቅለት ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በመሄዱ አምርሮ ገሠጸ፤ ኀዘኑን ያበረታውም ቀኑ ነበር። ከ133 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ የሰማያዊና የአረንጓዴ ሠረገላ ደጋፊዎች ያነሡት ሁከት ከተማዪቱን አቃጥሎ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ደስታቸው ወደ ወገንተኝነት፣ ወገንተኝነታቸውም ወደ ደም ሄደ። በዘመናችንም የውርርድ ነገር ተጨምሮበታል። የቀን ገቢውን በሰው እግር ላይ አስይዞ የተቀመጠ ወጣት ጨዋታውን መውደዱ ቀርቶ ገንዘቡን ብቻ ይመለከታል፤ ማታ ባዶ እጁን ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ሲመለስ፣ ያን ጊዜ «ተሸነፍን» ቢል ቃሉ እውነት ይሆናል።

ድሬዳዋም ይህን ፈተና ከቀድሞ ጀምራ ታውቀዋለች። የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ደጋግሞ ሆኗል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር በዚችው ከተማ ተጫወቱ። ውድድሩ የተከፈተው እሑድ የካቲት 21 ቀን ነበረ፤ በማግሥቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። ሁለት ሜዳዎች በአንድ ሳምንት ተከፈቱ ማለት ነው፤ በአንደኛው ሕዝቡ ተመልካች፣ በሁለተኛው ተጋዳይ ነበረ። ኳሱን የሚመለከት ምእመን በዚያው ዕለት ጾሙን ሊጾም ይችላል፤ የጾሙን ተጋድሎ ግን ሌላ ሰው ሊጋደልለት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው፣ ተመልካችነት ወደ ቤተ መቅደስ መግባቱ ነው። ብዙ ሰው ወደ ቅዳሴ የሚመጣው እንደ ስታዲዮም ተመልካች ሆኖ ነው። የእገሌን ድምፅ ያደንቃል፤ የእገሌን ስብከት ከሌላው ያወዳድራል፤ ማኅሌቱ ሲደምቅ ደስ ይለዋል፤ ሥጋውና ደሙ ሲቀርብ ግን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። እንዲህ ያለው ሰው በክርስቶስ ድል «አሸነፍን» ለማለት ይወዳል፤ ድሉ የእርሱ የሚሆንበትን ንስሐና ቍርባን ግን ለሌሎች ይተዋል። ካህኑም የንስሐ ልጁን ቀርቦ ካልጠየቀ፣ ወጣቱንም ሥራ ካልሰጠው፣ በሜዳ ዳር ተቀምጦ እንዲቀር ይፈቅድለታል። ወጣቱ በእግሩ መሮጥ አለመጥላቱን ግን በታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘውን ሕዝብ አይተን እናውቃለን። በእግሩ የሚሄደው ምእመን ላቡ የራሱ ነው፤ ስእለቱም የራሱ ነው።

አባቶቻችን የቅዱሳንን ታሪክ ገድል ብለው መሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገድል ማለት ትግል ነውና። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ሯጮችን ምሳሌ አድርጎ፣ እነርሱ የሚጠፋ አክሊል ለማግኘት ራሳቸውን በሁሉ እንደሚገዙ አስተምሯል። ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክትም እምነታቸውን የፈጸሙ ምስክሮች እንደ ደመና እንደ ከበቡን፣ እኛም ሸክማችንን ጥለን በትዕግሥት እንድንሮጥ ተነግሮናል። በዚህ ሜዳ የመቀመጫው ነገር ተገላብጧል። በዙሪያ ተቀምጠው የሚመለከቱት ነቢያትና ሐዋርያት፣ ሰማዕታትና ጻድቃን ናቸው፤ በመካከል የቆመው በታይዋን ሰፈር ሚዛኑን የያዘው ነጋዴ፣ ሸክሙን ያነሣው ሠራተኛ፣ ልጇን የያዘችው እናት ናት። ነጋዴው ሚዛኑን ሲያስተካክል ይመለከቱታል፤ ወጣቱ ለውርርድ ያሰበውን ገንዘብ ለእናቱ ሲሰጥ ይመለከቱታል።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጨዋታ ባያችሁ ጊዜ ሰዓቱን ከጸሎት አትስረቁ፤ ገንዘባችሁን በውርርድ አትበትኑ፤ ስለ ሌላ አገር ቡድን ከጎረቤታችሁ ጋር አትጣሉ። ግጥሚያው አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ፣ ያ ለ90 ደቂቃ የነቃው ልባችሁ ተመልሶ እንዳይተኛ፣ «የእኔስ ሩጫ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ካህናት፣ ወጣቱን ከቴሌቪዥን ፊት በቍጣ ከማባረር ይልቅ፣ እጁን ይዛችሁ ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቍርባን አቅርቡት፤ የሚጠብቀው ሩጫ እንዳለው ያወቀ ሰው ተመልካች ሆኖ መቅረት አይችልምና።

ሩጫችንን በመልካም እንድንፈጽምና የማይጠፋውን አክሊል እንድንቀበል አምላካችን ይርዳን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።