ጭራ መቁላት ፈቃድ ነው ወይ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የነቃሁት። የድንኳኑ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ሲርገበገብ ሰምቼ ነፋስ መስሎኝ ነበር። እጄን ከስሊፒንግ ባጉ አውጥቼ ስዳስስ ግን ዳማ ናት። ተጠቅልላ፣ አፍንጫዋን ከጭራዋ ስር ቀብራ፣ ጀርባዋን ለድንኳኑ ግድግዳ ሰጥታ ትንቀጠቀጣለች። ጨርቁን የሚያርገበግበው የእሷ ብርድ ነው። አላለቃቀሰችም፤ አልቀሰቀሰችኝም። እኔ እስከ አንገቴ ተሸፍኜ አጠገቧ ስተኛ እሷ ዝም ብላ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ የሚገኘው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ወሩ ኅዳር። ከዋሽንግተን ዲሲ ቢርቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ በእግር መንገዶቻቸው እንዲሄድ አይፈቅዱም። ሸናንዶዋ ከሚፈቅዱት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ማሰሪያው ከ6 ጫማ (1.8 ሜትር ገደማ) እንዳይረዝም ያዝዛል፣ ጥቂት መንገዶችም ለውሻ ዝግ ናቸው። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አንብቤያለሁ። የማደሪያ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ድብ እንዳይመጣ ምግቤን እንዴት ከዛፍ እንደምሰቅል ተለማምጃለሁ። ለራሴ ከመሬት የሚለይ ማት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ ይዣለሁ። ለዳማስ? ምግብ፣ ሳህን፣ ማሰሪያ፣ እና እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝን ጋቢ። እሱንም አጥፌ መሬት ላይ አነጠፍኩላትና "ተመችቷታል" ብዬ ተኛሁ። ማታ ወንዝ ስንሻገር ሆዷ ድረስ ርሳ እንደነበር አልቆጠርኩትም።

በዚያ ሌሊት ያለኝን ፎጣና ሹራብ ሁሉ አውጥቼ አሸት አሸት አደረግኳት፣ ማቴ ላይ አወጣኋት፣ የስሊፒንግ ባጉን ዚፕ ከፍቼ አስገባኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጧ ቆመና አንኮራፋች። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም። ብርዱ አልነበረም እንቅልፍ የነሳኝ። አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ድረስ ማን ነይ አላት?

ለጓደኞቼ ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። "ውሻ እኮ ናት! ውሻ ለውጭ ነው የተፈጠረው።" እኔም ያደግኩት ይህን እየሰማሁ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጥቅምትና ኅዳር ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚነጋበት አገር፣ በራችን ላይ የሚያድር ውሻ ነበረን። ስሙ ቻለው ነበር። እኛ አገር የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ አባቴም ለማን እንዳለው እሱ ያውቃል። አሁን ሳስበው ግን ስሙ ለውሻው ራሱ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለኛል። ዝናብ ሲመታው፣ ቻለው። ብርድ ሲያቆራምደው፣ ቻለው። ችሎም ነበር። ግን የቻለው ስላልበረደው ነው ወይስ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው? እኛ ወጥተን አላየንም። ጠዋት በሕይወት ካገኘነው ሌሊቱ ደህና ነበር ማለት ነው። መቻልን ከመመቸት የምንለይበት ዓይን አልነበረንም፤ ያንን ዓይን ብናወጣው ደግሞ ሥራ ያመጣብን ነበር።

ሰውነቱን ብንጠይቀው ሌላ ነገር ይነግረናል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። ይህን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ማንደድ አለበት፤ ማገዶው ደግሞ የበላው ነው። ድርብ ጸጉር ያለው የበረዶ አገር ውሻ በረዶ ላይ ተጠቅልሎ ያድራል። እንደ ዳማ ጸጉሯ አጭር፣ ሆዷ ራቁቱን የሆነ ውሻ ግን ያንን አትችልም፤ ቡችላ፣ ያረጀና የከሳ ውሻማ ጭራሽ። ትልቁ ሌባ አየሩ አይደለም፣ መሬቱ ነው። ቀዝቃዛ መሬት የተኛበትን አካል ሙቀት እየመጠጠ ያድራል። ስለዚህ ከላይ ከሚደረበው ይልቅ ከስር የሚነጠፈው ይቀድማል፤ ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ ማት ከመሬት ይለያል። እርጥብ ጸጉር ሙቀት አይዝም፣ ከመተኛቷ በፊት በደንብ መድረቅ አለባት። ማታ ከወትሮው ጨመር ያለ እራት ያስፈልጋታል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ገና እየታገለ መሆኑን ይናገራል፤ ሳትሞቅ መንቀጥቀጧ ቆሞ ከፈዘዘችና እግሯ ካልታዘዘላት ግን ያ የባሰ ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከመሄዴ በፊት ለማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ስለ ድቡ ያነበብኩት እኔን ስለሚበላኝ ነው።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ይፈትናል። "ወዳ ነው የመጣችው! ቦርሳህን ስታነሳ በሩ ላይ አልዘለለችም?" ዘላለች። ጭራዋን እስክትወድቅ ነው የቆላችው። ግን ለምኑ ነው የቆላችው? የምታውቀው ማሰሪያው ሲነሳ መውጣት እንዳለ ነው። ከመውጣቱ ጀርባ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ወንዝ፣ ከዜሮ በታች የወረደ ሌሊት እንዳለ አታውቅም። ልነግራት አልችልም፤ "አልፈልግም" ልትለኝም አትችልም። ሌሊት በርዷት ብትነሳ እንኳ የቤቱ መንገድ በእኔ እጅ ነው። ጭራዋ የሚናገረው እንደምታምነኝ ነው፤ ለሌሊቱ ፈቃድ አልሰጠችኝም። የሚያምንህ ፍጡር ሳይጠይቅ ስለሚከተልህ፣ መጠየቅ የነበረበትን ሁሉ አንተ ስለ እሱ መጠየቅ አለብህ። "ይበርዳት ይሆን?" "ከደከማትስ?" "ይህን ጉዞ የፈለገው ማነው?" የመጨረሻውን ስጠይቅ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ እኔ ነኝ። ብቸኝነት ነበረብኝ፤ ተራራ ላይ ብቻዬን ማደር ፈራሁ። እሷ የእኔ ስሊፒንግ ባግ ነበረች ማለት ይቻላል።

"ታዲያ እቃውን አሟልተህ ውሰዳት፣ አለቀ" የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እዚያ ላይ ነበር የቆምኩት። ግን አንድ ታሪክ ያስቸግረኛል። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ያደረሱት ውሾች ናቸው። ስለ ውሻ አያያዝ ከእሱና ከባልደረቦቹ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ለዚያ ብርድ የሚሆነውን የግሪንላንድ ዘር መርጠው፣ በሚገባ እያበሉ ነው የተጓዙት። ለዋልታው ጉዞ 52 ውሾች ይዘው ወጡ። የተመለሱት 11 ናቸው። አብዛኞቹ በመንገድ ላይ የታረዱት በእቅድ ነው፤ ለቀሩት ውሾችና ለሰዎቹ ምግብ እንዲሆኑ። እኔና አሙንድሰን አንድ ነን አልልም። ግን ይህ ታሪክ እንክብካቤና ደግነት አንድ እንዳልሆኑ ያሳየኛል። የምትፈልገው ቦታ እስኪያደርስህ ብቻ የምትንከባከበው ነገር መኪናም ሊሆን ይችላል። ዋናው መፈተኛ የእሷ ምቾትና የእኔ ፍላጎት ሲጋጩ የትኛው ይሰበራል የሚለው ነው።

ለእናቴ ስልክ ስደውል ነገሩን ደበቅ አድርጌ ነበር ያወራሁት። ግን እናት ናትና ጋቢውን ጠየቀች። ነገርኳት።

"ጋቢዬን ለውሻ?" አለች። ዝም አልኩ። "አንተ ልጅ፣ እዚህ ሰው በብርድ እያደረ አንተ ለውሻ ታነጥፋለህ?"

ይህን መልስ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልፌው መሄድ አልችልም፤ እውነት ነውና። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ማታ ስገባ የማያቸው ልጆች ነበሩ፤ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ለብሰው የሚያድሩ። ለአንድ ሌሊት ድንኳን በገዛሁበት ገንዘብ ስንት ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር? ይህን ጥያቄ የሚያስረሳ የውሻ ፍቅር እኔንም ያሳፍረኛል። ግን ከእነዚያ ልጆች ጋር አንድ ሌላ ነገርም አይቻለሁ። መሃላቸው ብዙ ጊዜ ውሻ አለ። አንዱ ልጅ እቅፍ አድርጎት፣ ውሻውም ጀርባውን ለልጁ ደረት ሰጥቶ፣ ሁለቱ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ። እዚያ በረንዳ ላይ "ለሰው ወይስ ለውሻ?" የሚል ክርክር የለም፤ የአንዱ ሙቀት የሌላው ነው። እኛ ነን በሞቀ ቤት ሆነን ሁለቱን የምናፎካክረው። ለዳማ የነፈግኳት ማት ደግሞ ወደ ማንም ልጅ አልሄደም። ዝም ብሎ ነው የቀረው። ለልጆቹ ያለብኝ ዕዳ ለእሷ ያለብኝን አይሰርዝም፤ ሁለቱም አሉብኝ። የሚለየው እሷን ወደ ብርዱ የወሰድኳት እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

እናቴ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ ድምጿ ተለወጠ። "ለመሆኑ ጋቢው ደረቅ ነበር?"

"ርሶ ነበር።"

"ታዲያ ጥጥ ርሶ ያሞቃል እንዴ? ብርድ አገር አድገህ ይህን አታውቅም? የመንዝ ባና ነበር የሚያስፈልጋት። የበግ ጸጉር ቢርስም ይሞቃል።" ቀጥላም "ይቺን ነገር፣ በላች ወይ?" አለች። የቻለው ነገር እሷም ጋ ሳይኖር አልቀረም።

ሙቀት ግን ሁሉን አይፈታም። አንድ ጓደኛዬ አገር ቤት ውሻውን ይዞ ባሌ ተራሮች ላይ ማደር እንደሚመኝ ሲያወራ፣ "ጥሩ ማት ያዝላት" ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እዚያ ሌላ ባለቤት አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚኖር እንስሳ ነው፤ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ አብዛኞቹም ባሌ ናቸው። ከሰው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው አንዱ ነው። አንዳንድ ቦታ ለውሻህም ለሌላውም የሚበጀው ቤት መተው ነው። ውሻዬን ስለምወዳት ብቻ ሁሉም ቦታ ልትሄድ ይገባታል ማለት አይደለም።

ባለፈው መጋቢት እንደገና ወጣን። በዚህኛው ጊዜ በመጀመሪያ በረንዳችን ላይ አብረን አደርን፤ ከተቸገረች አምስት እርምጃ ገብተን እንተኛለን ብዬ። ለእሷ የራሷ ማት፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምታድርበት ካፖርት፣ ሁለት ደረቅ ፎጣ ያዝኩ። እራቷን ጨመርኩ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ እንዳያቃጥላት በወፍራም ካልሲ ጠቅልዬ አጠገቧ አደረግኩ። ሁሉ ነገር ተሟላ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከበረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። ውጪ ወጥታ ስትመለስ ካፖርቷ በሰበሰ፤ አደረቅኳት፣ ማቷ ላይ ወጣች፣ እግሯን ማንሳትና መጣል ጀመረች። ገና አልተንቀጠቀጠችም። እኔ ሞቆኛል። ጠዋት ከላይ የሚታየውን ሸለቆ ለማየት ሁለት ወር ጠብቄያለሁ።

ድንኳኑን ነቀልኩ። የግንባር ባትሪዬን አብርቼ ሰባት ኪሎ ሜትር በጨለማ ወረድን። መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ ቁጭ ስል ሱሪዬ ርሶ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ዳማ የኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ ተጠቀለለች። አላመሰገነችኝም፤ መመለሳችን ስለ እሷ መሆኑንም አታውቅም። ሸለቆውን እስካሁን አላየሁትም።