ንስሐ የማይገባ አብራሪ

በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2024 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኤድዋርድስ አየር ኃይል ጣቢያ አንድ የ75 ዓመት አዛውንት የበረራ ልብስ ለብሰው ከአንድ ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላን የፊት መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ፍራንክ ኬንዳል ይባላሉ፤ በጊዜው የአሜሪካ አየር ኃይል ሚኒስትር ነበሩ። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ880 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ፣ ሰው ከሚያበርረው ሌላ ኤፍ-16 ጋር አንድ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ሲተናነቅ ቆየ። ኬንዳልም ሆኑ ከኋላቸው የተቀመጠው አብራሪ መሪውን አልነኩም። ያበረረው ኮምፒውተር ነው። ኬንዳል ሲወርዱ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ ነበር። ይህ ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጦርነት ጊዜ መሣሪያ ይተኮስ ወይስ አይተኮስ ብሎ ቢወስን እንደሚያምኑት ተናገሩ።

ኬንዳል የጦር መሣሪያ ሰው ብቻ አይደሉም። ሕግ ተምረዋል፤ በሰብዓዊ መብት ጠበቃነትም ሠርተዋል። ቃላቸውን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ማሽን መብረርና መዋጋት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር አብቅቷል። በኦገስት 2020 በኮምፒውተር ላይ በተደረገ ግጥሚያ ሄሮን ሲስተምስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አብራሪ 5 ለ0 ረቶታል። የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው ከሚያበርራቸው ተዋጊዎች ጎን የሚሰለፉ 1,000 ያህል ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ታሳቢ አድርጎ ሲያቅድ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች በ2025 በረዋል። አሁን የቀረው ጥያቄ ከአውሮፕላን ይልቅ እጅግ ያረጀ ነው፤ የፈሰሰው ደም በማን እጅ ይፈለጋል?

አማርኛ ለዚህ ፍርሃት ቃል አለው፤ «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ጠያቂ ያጣ፣ እንደ ውሻ ደም ፈስሶ የቀረ ሞት ማለት ነው። የአገሩ ሰው ይህን አጥብቆ ስለሚፈራ አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። እርሻው ይቆማል፤ ቤቱ ባዶውን ይውላል። ከባድ ሥርዓት ነበር፤ ንጹሑንም ያጉላላል። ግን ባለቤት የሌለውን ደም ዝም ብሎ አያልፍም።

የሃይማኖት አባቶች ከዚህም ጠልቀው ሄደዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የተሰየመ ቅዳሴ ያላት ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ለኢቆንዮኑ ጳጳስ ለአምፊሎክዮስ በላከው መልእክት ስለ ወታደር ጽፏል። አባቶች በጦርነት የተደረገውን ግድያ ከነፍስ ግድያ አልቆጠሩትም ይላል። ሆኖም እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከሥጋ ወደሙ ቢታቀቡ መልካም ይሆናል ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር ረጋ ብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ባስልዮስ ወታደሩን ወንጀለኛ አላለውም። አገሩን የጠበቀ፣ ምናልባትም ሕፃናትን ያዳነ ሰው ነው። ቢሆንም ድል አድርጎ ሲመለስ ጎረቤቶቹ ሲቆርቡ እሱ ቆሞ ያያል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። የገደለው ሰው የእግዚአብሔር ፍጥረት እንደነበረ ገላው ጭምር እንዲያውቀው ነው።

በእስልምናም ሳያስበው ምእመን የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ካሳ ከፍሎ ብቻ አይገላገልም። ባሪያ ነጻ ማውጣት፣ ያ ካልተቻለው ሁለት ወር በተከታታይ መጾም አለበት። ስሕተት እንኳ ጾም ያስጾማል።

ታዲያ ፕሮግራሙ ሲሳሳት ማን ይጹም? ማሽን ሲስት ይታረማል፤ መሐንዲሱ የተበላሸውን መስመር ያስተካክልና አዲሱ ቅጂ በማግስቱ ይጫናል። መታረምና መጸጸት ግን ለየቅል ናቸው። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ሮበርት ስፓሮው በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በፍልስፍና ቋንቋ አንሥቶታል። መሣሪያው ራሱ ከወሰነ መሐንዲሱን፣ አዛዡንም ሆነ ማሽኑን በትክክል ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ ተጠያቂ በሌለበት ደግሞ ጦርነትን በፍትሕ መዋጋት አይቻልም ይላል።

ሌላው ወገን የሚለውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አሜሪካዊው የሮቦት ተመራማሪ ሮናልድ አርኪን በ2009 ባወጣው መጽሐፍ፣ ማሽን አይቆጣም፣ አይፈራም፣ ጓዱ ሞቶበት በቀል አይመኝም፤ ስለዚህ የጦርነትን ሕግ ከሰው በተሻለ ሊጠብቅ ይችላል ሲል ተከራክሯል። የተናደደ ወታደር በሰላማዊ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ያየ ሁሉ ይህን ሐሳብ ያከብረዋል።

ግን በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሆነው ለዚህ ክርክር መልስ አለው። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በወታደሩ፣ በገበሬው፣ በከብቱና በውኃው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነቡት አብራሪዎቹ ስለተቆጡ አልነበረም። ትእዛዝ መጣ፤ ተፈጸመ። ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን በፈረንጆቹ 1925 የወጣ የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ትእዛዙ ራሱ ክፉ ሲሆን ታዛዥና ቁጣ የሌለው መሣሪያ ምን ይፈይዳል? እምቢ የሚል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ማታ እንቅልፍ የሚያጣ ከአብራሪዎቹ መካከል አንድ ሰው ሊገኝ ይችል ነበር። ከፕሮግራሙ ዘንድ አይገኝም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ያሉት በስም የሚጠራ በዳይ ይዘው ነው። ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች ዛሬም አሉ። የኢጣሊያን ጦር ያዘዘው ባዶሊዮ በኢትዮጵያ ላደረገው ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ፤ ይህ የሚያንገበግብ ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን በፈረንጆቹ 1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ። ማመን የተቻለው አዛዡ ሰው ስለነበረ ነው።

ሰው በመካከል መኖሩ ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ አንድ ሌሊት አለ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሶቪየቱ ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ከሞስኮ በስተደቡብ በሚገኘው ሰርፑኮቭ-15 ምሽግ ተረኛ ነበሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ የሳተላይት ሥርዓቱ ከአሜሪካ አንድ ሚሳይል፣ ቀጥሎም ሌሎች አራት መተኮሳቸውን ነገራቸው። በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው የውስጥ መገናኛ ይዘው አሰቡ። ጦርነት የሚጀምር አገር አምስት ሚሳይል ብቻ ይተኩሳል? የምድር ራዳሮቹስ ለምን ዝም አሉ? እርግጠኛ አልነበሩም። ሆኖም «የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው» ብለው ለአለቆቻቸው ሪፖርት አደረጉ። ሳተላይቱን ያታለለው ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅ ነበር።

ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻውን ግን አይበቃም። በማርች 2003 በኢራቅ ጦርነት የአሜሪካ ፓትሪዮት ሚሳይል የእንግሊዝን ቶርኔዶ አውሮፕላን የጠላት ሚሳይል ነው ብሎ በመምታት ሁለቱን የበረራ ሠራተኞች ገደለ፤ ከቀናት በኋላም በኤፕሪል 2 የራሱን አገር የባሕር ኃይል አውሮፕላን ጣለ። ተኳሾቹ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ኮምፒውተሩን እንዲያምኑ ነበር የሠለጠኑት። ኦገስት 29 ቀን 2021 ካቡል ውስጥ አንድ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ለሰዓታት በአሜሪካ ድሮን ሲታይ ውሎ ተመታ። ፈንጂ የተጫነ መስሎ ነበር፤ የተጫነው ውኃ ነው። 7 ሕፃናትን ጨምሮ 10 ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ፔንታጎን ማንም እንደማይቀጣ አስታወቀ።

ኢትዮጵያውያንም ይህን የሩቅ ወሬ አድርገው አይሰሙትም። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ትግራይ፣ ደደቢት ውስጥ በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አስታውቋል። ሰው አስቦ ባዘዘው ጥቃት እንኳ ደሙ ጠያቂ ካጣ፣ ነገ ውሳኔው ለማሽን ሲሰጥ እናቶች በማን ደጅ አቤት ይላሉ?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጁን 14 ቀን 2024 ኢጣሊያ ውስጥ ለተሰበሰቡት የቡድን 7 መሪዎች ማንኛውም ማሽን የሰውን ሕይወት ለማጥፋት መምረጥ እንደሌለበት ነግረዋቸዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ራሳቸው ወስነው ስለሚገድሉ መሣሪያዎች የቀረበውን ውሳኔ 166 አገሮች ደግፈው 3 ተቃውመዋል። ዋና ጸሐፊው አንቶንዮ ጉቴሬሽ አስገዳጅ ስምምነት እስከ 2026 ድረስ እንዲጠናቀቅ ጠይቀዋል። የባስልዮስን ቅዳሴ የሚቀድሱ ካህናት፣ ስለ ደም ካሳና ጾም የሚያስተምሩ ዑለማዎች፣ አፈርሳታ ያስቀመጡ አባቶች ልጆች የሆኑ የሕግ ምሁራን በዚህ ጉዳይ የሚናገሩት ብዙ አላቸው። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ደጁን ያንኳኩ።