መርፌዋ ለማን ትታመን?

ለመሆኑ የሸክላ መርፌ መታመን ያለባት ለማን ነው? ለሙዚቃው ነው፣ ለሸክላው ነው ወይስ ለጆሯችን? የኦርኬስትራ ሸክላ ወዳድ የሆነ ሰው መርፌዋንና ተሸካሚዋን ካርትሪጅ ሊመርጥ ሲነሣ ይህን ጥያቄ አያመልጠውም።

አንዳንዱ ካርትሪጅ ሁሉን ያለሰልሳል፤ ጭረቱን ሸፋፍኖ፣ የነሐስ መሣሪያዎችን ጩኸት አብርዶ ያሰማል። ሌላው ጭረቱንም ቫዮሊኑንም እንዳለ ያወጣዋል። የፊተኛው የሚያስቀይመውን ቃል እንደሚውጥ አስተርጓሚ ነው። ሙዚቃ ለደስታ እስከሆነ ድረስ ምን አለበት? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ኋለኛውን እመርጣለሁ።

የራቬልን «ቦሌሮ» እንውሰድ። በ1928 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ይህ ሥራ በአንድ ከበሮና በአንድ ፍሉት በሹክሹክታ ይጀምርና መላው ኦርኬስትራ እየጮኸ ያበቃል። ሸክላ ደግሞ የሚነበበው ከዳር ወደ መሐል ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር፣ ዳር ላይ በመርፌዋ ሥር በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ መሐል አጠገብ ግን 20 ያህል ብቻ። እንግዲህ «ቦሌሮ» የሸክላውን አንድ ፊት የሚዘጋ ከሆነ፣ ትልቁ ድምፅ የሚታጨቀው በጠባቡ ቦታ ነው። መርፌ የምትፈተነውም እዚያ ነው። ጫፏ ክብ ከሆነችው ይልቅ ሞላላ የሆነችው እዚህ ላይ ትሻላለች። መግቢያው ላይ ፍሉቱን ማሳመርማ ማንን ያቅታል?

የክብደትም ነገር አለ። ሸክላዬ እንዳይጎዳ ብሎ መርፌዋን ከታዘዘው በታች የሚያቀላት ሰው አለ። ርኅራኄ ይመስላል። ይሁንና ከልክ በላይ የቀለለች መርፌ ድምፁ ሲበረታ የቦዩን ግድግዳ መከተል ያቅታትና እየዘለለች ትፍቀዋለች። ሠሪው 2 ግራም ካለ 2 ግራም ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለዕቃው ብዬ አይደለም። ድምፅ ሲለሰልስ ወይም ሲደባለቅ አስቀድሞ የሚጠፋው መሐል የተቀመጠው ነው፤ ቪዮላውና ባሱኑ። በአሮጌ ሸክላዎች ላይ ከተጫወቱት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸው ከሽፋኑ ላይ አልተጻፈም፤ ድካማቸው ያለው በዚያ ቀጭን ቦይ ውስጥ ብቻ ነው። መርፌዋ መታመን ያለባት ለእነሱ ይመስለኛል። ጭረቱንም አብሬ ብሰማ ግድ የለኝም።