የእንቅልፍ ምስክሩ ማን ነው?

«ሌሊቱን ስንት ሰዓት ያህል ተኙ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ እንግዳ ነገር አለው። ምስክር ሆኖ የተጠራው ሰው ድርጊቱ ሲፈጸም አልነበረም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖርማን ማልኮም እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ህልም ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ተኝቻለሁ» ብሎ የሚመሰክር ተኚ ሊኖር አይችልም ሲል ተከራክሯል፤ መመስከር ከቻለማ መቼ ተኛ?

የአእምሮ ሕክምና ግን በአብዛኛው በዚሁ ምስክር ላይ ይመካል። እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ የሆነው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ የታካሚውን ያለፈ አንድ ወር እንቅልፍ በ19 ጥያቄዎች ይመረምራል። ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ሲሆን ከ5 በላይ ያመጣ ሰው እንቅልፉ ደህና አይደለም ይባላል። («ማታ በ4 ሰዓት እተኛለሁ» ያለ የአዲስ አበባ ሰው መልሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተመዘገበማ ሊነጋ ሲል የሚተኛ ይሆናል።)

ድባቴ የያዘው «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ይላል። የአንጎሉ ሞገድ ሲለካ ግን ለሰዓታት ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ዋሸ እንበል? መሣሪያው የለካው ሞገድን ነው፤ ሰውየው የተናገረው ስለ ዕረፍት ነው። የእንቅልፍ እጦት ምርመራም በዋነኛነት የሚቆመው በታካሚው ቃል ላይ ስለሆነ፣ ስቃዩን በሽቦ መሻር ፍርደ ገምድልነት ይመስላል።

ሁልጊዜ ግን የታካሚው ቃል አይበቃም። ክብደት የሚጨምር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌሊት ትንፋሹ እየተቋረጠ ያድርና ቀን ሲያንቀላፋ «ሕመሙ ነው» ይባልለታል፤ እውነቱን የምታውቀው ማንኮራፋቱን የምትሰማው ሚስቱ ናት። በባይፖላር ሕመም ማኒያ ውስጥ የገባው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኝቶ በሙሉ ጉልበት ይነሣል። ምንም ቅሬታ የለውም። እዚህ ላይ ኮቴውን ስታዳምጥ ያደረችው እናቱ ትደመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ንቃቱ ጸሎት ሲሆን ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ደብተራም፣ በረመዳን ሌሊቱን በሶላት የሚያሳልፍ ሙስሊምም በሽተኛ አይደለም። በማኒያ የተያዘ ሰውም ግን ሌት ተቀን ሲጸልይ ሊሰነብት፣ ቤተሰቡም «መንፈሳዊ ሆነ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። የሰዓት ቁጥር ሁለቱን አይለይም። ማኅሌታዊው በማግስቱ ይደክመዋል፤ ጥግ ካገኘ ሸለብ ያደርገዋል። ሌላው ግን ቀናት አልፈውም ድካም አያውቀውም። ስለዚህ ጎበዝ መርማሪ ከሌሊቱ ይልቅ ስለ ቀኑ አጥብቆ ይጠይቃል።