ብዥታና እውነት

ጥርት ብሎ በተሠራ ሥዕል ላይ ብዥታ መጨመር ማታለል ነው ወይስ እውነትን መመለስ? ጥያቄው የፊልም ሠሪዎች ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እኛንም ይነካል።

የሲኒማ ካሜራ በተለምዶ በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያነሣል፤ ለእያንዳንዱም ሥዕል ብርሃን የሚያስገባው በአብዛኛው ለሰከንድ አንድ 48ኛ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሚጋልብ ፈረስ ስፍራውን ስለሚለቅ፣ እግሩ በሄደበት አቅጣጫ ተስቦ ይቀረጻል። ያ ብዥታ የእንቅስቃሴው ምልክት ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናውትስ» በተባለው ፊልም ሬይ ሃሪሃውሰን አፅሞችን በአሻንጉሊት አዋግቷል። እያንዳንዱ ሥዕል ሲነሣ አሻንጉሊቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ስለ ነበሩ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ውጊያው ግን ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዛሬ ሥዕሎችን በሚያዋህደው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥም ችግሩ ያው ነው፤ ለብቻው ተሠርቶ የገባ ሯጭ ጥርት ካለ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ነጥብ ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ ወዴትና ምን ያህል እንደ ሄደ አስልቶ፣ ነጥቡን በዚያው መንገድ ይስበዋል።

«ብዥታ መጋረጃም ይሆናል» የሚል ቢኖር አልተሳሳተም። የሥራን ጉድለት ለመሸፈን በየአቅጣጫው የሚረጭ ብዥታ አለ። መለያው አቅጣጫና ልክ ነው፤ የእንቅስቃሴውን መንገድ የተከተለ ይገልጣል፣ ያልተከተለ ይሰውራል።

ይህ መለኪያ ለምስክርም ያገለግላል። ከመካከላችን «በመንገድ ላይ ልጄን አይተኸዋል ወይ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ማን አለ? በሌሊት እየሮጠ ያለፈ ሰው የልጁን ልብስ ቀለምና የመጨረሻ ቃሉን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ቢነግራት፣ ለእናቲቱ ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን የሰጣት የቆመ አሻንጉሊት ነው። «ጨለማ ነበር፣ ምንም አላየሁም» ብሎ ያየውን የሚሸሽግም ብዥታን መጋረጃ አድርጓል። ታማኙ ምስክር ግን «እየሮጥሁ ነበር፤ ወደ ወንዙ ሲያቀና አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ይላል። በቃሉ ውስጥ ፊቱ ጥርት ብሎ ባይታይም አቅጣጫው ይታያል። እናትም ፍለጋዋን የምትጀምረው ከዚያ ነው።