ቀለሙን ማን ፈለገው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ሐሳባችን ስለ ውሻ ቀለም ነው። «እኛን ምን አገናኘን?» እንዳትሉ። የተጠማውን ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። የውሻው ቀለም ምን እንደነበር ግን አልተነገረንም። አላስፈለገማ!

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የውሻ አርቢዎች ግን በቀለም ነገር ክርክራቸው አላባራም። ብዙ ዝርያዎች የተፈቀደላቸው የቀለም ዝርዝር አላቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የተወለደውን አንዱ «ብርቅዬ» ብሎ አስወድዶ ይሸጠዋል፤ ሌላው «ዝርያውን አበላሻችሁት» ብሎ ይቆጣል።

መርል የሚባለውን ዥጉርጉር ቀለም እንውሰድ። በፍሬንች ቡልዶግ ዘንድ ያልተፈቀደ ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው። የቀለሙ መነሻ የሆነው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል። ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ውሻ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ሁለት መርሎች ሲዳቀሉ ግን በአማካይ ከ4 ቡችሎች 1ዱ ከሁለቱም ይወርሳል። እንዲህ ያለው ቡችላ አብዛኛው አካሉ ነጭ ይሆናል፤ ዕውር ወይም ደንቆሮ ሆኖ የመወለድ አደጋውም ከፍተኛ ነው። ለፀጉር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮም ሥራ አላቸውና። እኛ ጌጥ ያልነው ለእሱ መስሚያው ነበር።

«ታዲያ ዝርዝሩን ማክበር ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እሱም ብቻውን አያድንም። መርል በኮሊ ዝርያ የተፈቀደ ቀለም ነው፤ ሁለት መርል ኮሊዎችን ማዳቀል ግን ያንኑ ጉዳት ያመጣል። ቀለሙ እንከን የሌለበት ፍሬንች ቡልዶግም አፍንጫው ከመደፍጠጡ የተነሳ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በቦክሰር ዝርያ ደግሞ ነጭ ሆነው የተወለዱ ቡችሎችን «ከደንብ ውጭ ናቸው» ብለው የሚገድሉ አርቢዎች ነበሩ። ነጩ ቡችላ የሚመጣው ግን እነሱው ወደው ከመረጧቸው፣ ደረታቸውና እግራቸው ነጭ ከሆነ ወላጆች ነው።

አንዱ ለቀለም ብሎ ያራባል፣ ሌላው ለቀለም ብሎ ይገድላል። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ያዩት ቆዳውን ነው። ውሻው ስለ ቀለሙ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ማየቱን፣ መስማቱንና መተንፈሱን ነው። ስለዚህ ከማዳቀል በፊት መጠየቅ ያለበት «ቀለሙ ተፈቅዷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የሚወለደው ነፍስ በሰላም ይኖራል ወይ?» የሚለው ነው። ዛሬ የዘረ መል ምርመራ አለ፤ «አላወቅኩም ነበር» የሚለው ምክንያት እየጠበበ ሄዷል።

በእጃችን ያለ እንስሳ ሁሉ አማና ነው። ለዓይናችን ደስታ ብለን የሌላውን ዓይን ከማጥፋት አላህ ይጠብቀን።

ጁሙዓ ሙባረክ!