ስም የተሰጠው ሁሉ የታወቀ አይደለም

የሰው ልጅ የማያውቀውን ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ስም ማውጣት ነው። ስም ከወጣለትም በኋላ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ነገሩ የገባው ይመስለዋልና። ነገር ግን ስምን ማወቅ አንድ ነው፥ ነገሩን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በጨዋታና በክርክር መካከል ቢዘነጋ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ በተዘነጋ ጊዜ ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሐኪም ከማያውቀው ደዌ ፊት በቆመ ጊዜ ዕዳው ምንድር ነው? ባለማወቁ ይወቀሳልን? ወይስ ወቀሳው ከሌላ ስፍራ ይመጣል?

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለችው ጋፋት በታሪክ ስሟ የሚነሣው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በዚያ አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተውባታል። ይሁን እንጂ ጋፋት ከሕክምና ታሪክም ድርሻ አላት። በ1858 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ በጣና ሐይቅ ዳር በነበረው የንጉሡ ሰፈር የኮሌራ በሽታ ገባ። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ከራሳም ጋራ በግዞት የነበረ ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበረ። እርሱም ምክር በተጠየቀ ጊዜ ሠራዊቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ቤጌምድር ደጋ ይውጣ ሲል መከረ። ንጉሡም ምክሩን ተቀብለው ሰፈሩን አስነሡ፤ ግዞተኞቹም ወደ ጋፋት ተላኩ።

የኮሌራን ተሕዋስ ሮበርት ኮክ ለዓለም የገለጸው ከዚያ በኋላ በ1876 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ብላንክ የበሽታውን ስም ያውቅ ነበረ፥ ምክንያቱን ግን አያውቅም ነበረ። ይህም ሆኖ ሳለ ምክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ሰው በተጨናነቀበትና ውሃው በተበላሸበት ስፍራ በሽታው እንደሚበረታ በዐይኑ አይቶ ነበርና። ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ሙሉ ዕውቀት ያልተሰጠው ሰው አስተውሎ ቢመለከት በጎ ሥራ ሊሠራ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ ሁሉን ለማዘዝ ሥልጣን የነበራቸው ንጉሥ ከግዞተኛቸው ምክር መስማታቸው ነው። ከበሽታ ፊት ማዕረግ ዕውቀት አይሆንም።

ከጋፋት ብዙ ሳይርቅ፥ በዚያው በደቡብ ጎንደር፥ ሊቦ ከምከም የሚባል ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማውም አዲስ ዘመን ነው። በዚህ ወረዳ ከ1997 ዓ.ም. አስቀድሞ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይታመሙ ጀመር። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሥጋቸው ይመነምናል፤ ደማቸው ይቀንሳል፤ ሆዳቸው ግን ይነፋል፤ ጣፊያቸውም አብጦ ከጎድን አጥንት በታች በእጅ ይዳሰሳል። አገሩ ንዳድን ያውቅ ነበረና በሽታው ንዳድ ተባለ። የንዳድ መድኃኒትም ተሰጠ፤ በሽተኛው ግን አልዳነም። ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን የለመደ ንዳድ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱም ደግሞ ተሰጠ። ስሙ ጸንቶ ሲቆይ በሽተኛው ሞተ።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ደም ተመርምሮ፥ ነገሩም እንደገና ታይቶ፥ በሽታው ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። የዚህ በሽታ ስም በሕንድ አገር ቋንቋ ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው፤ ተሕዋሱን ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1895 ዓ.ም. በየፊናቸው ገልጸውታል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፤ በጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር መኖር ትወዳለች። ካልታከመ በቀር ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው ከስንት አንድ ነው። በኢትዮጵያ አስቀድሞ የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነበረ። ወደዚያ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይታመሙበት ነበርና በደጋ ሰው ዘንድ የቆላ በሽታ ተብሎ ይታሰብ ነበረ። በሊቦ ከምከም ግን ከቀያቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ታመሙ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአዲስ ዘመን የሕክምና ስፍራ ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሁለት ሺህ የሚበልጡ በሽተኞች በዚያ ታከሙ።

እንግዲህ ያ በሽታ ንዳድ በተባለበት ዘመን ለሞቱት ተጠያቂው ማን ነው? ፈጥኖ ሐኪሙን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍትሕ አይደለም። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚያገለግል ሰው አጉሊ መነጽር ሳይኖረው፥ በሽታው በዚያ አገር አለ ብሎ ያስተማረው ሰውም ሳይኖር፥ ካላ አዛርን ከየት ያውቀዋል? የንዳድን ትኩሳት ንዳድ ማለቱ በመቶ ጊዜ ዘጠናውን እውነት ይሆንለት ይሆናል። ያልተማሩትን አለማወቅ ኀጢአት አይደለም።

ይሁን እንጂ ባለማወቅና ባለመጠየቅ መካከል ታላቅ ገደል አለ። አለማወቅ የሁሉ ሰው ዕጣ ነው፤ አለመጠየቅ ግን በፈቃድ የሚደረግ ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ጊዜ ሳይሠራ በቀረ ጊዜ ስሙ ሐሰት መሆኑን በሽተኛው በሥጋው መስክሯል። ምስክርነቱን ያልተቀበለ ሐኪም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላወቀም አይባልም፤ ለማወቅ አልወደደም እንጂ። ከዚህም በላይ ሦስተኛ ደረጃ አለ፤ ይኸውም ክብሩ እንዳይቀንስ ሲል የተጠራጠረውን የሚሰውር ሰው ነው። የመጀመሪያው ሰው ትምህርት ያስፈልገዋል፥ ሁለተኛው ተግሣጽ፥ ሦስተኛው ግን ንስሓ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሐኪም ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ የሚጠራጠር ከሆነ ማንን ያድናል? በደጁ መቶ ሰው ተሰልፎ ሳለ ለአንዱ እንግዳ በሽታ ሙሉ ቀን ቢያጠፋ ዘጠና ዘጠኙ ይጐዳሉ። ደግሞም መጠራጠር ራሱ አደጋ አለበት። የካላ አዛር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከአንቲሞን የተሠራ መርፌ ነበረ፤ በየቀኑ እስከ 30 ቀን ይወጋል፤ ልብንና ቆሽትን ሊጐዳ ይችላል። ኋላ ከሌላ መድኃኒት ጋራ ተጣምሮ 17 ቀን ሆነ፤ ጭካኔው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ጣፊያን በመርፌ ወግቶ ተሕዋሱን መፈለግም ደም ሊያፈስ ይችላልና በጥንቃቄ የሚደረግ ነው። ስለዚህ ንዳድ ያለበትን ሰው ካላ አዛር ብሎ ማከም ካላ አዛር ያለበትን ንዳድ ከማለት የማያንስ በደል ነው።

ለዚህ ተቃውሞ የሚሰጠው መልስ ሁሉን ተጠራጠር የሚል አይደለም፤ ለጥርጥር ጊዜ መድብለት የሚል ነው። አስቀድሞ የተለመደውን ማሰብ ጥበብ ነው፤ የተለመደው ሳይሠራ ሲቀር በእርሱ መጽናት ግን እልኸኝነት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲሰጥ «በዚህን ያህል ቀን ካልተሻለህ ተመለስ፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር እንመረምራለን» ቢል፥ ከተሰለፉት አንዱንም አልበደለም፤ እንግዳውንም በሽታ ደጁን አልዘጋበትም። ይህ ቃል ብር አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ትሕትና ብቻ ነው።

በሐሰት የተሰጠ ስም የሚጐዳው ሥጋን ብቻ አይደለም። በደጋው አገር ቀይ አፈር ባለበት ስፍራ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ እግሩ አብጦና ሻክሮ ይታያል፤ ሕዝቡም ዝሆኔ ይለዋል። በሌላው ዓለም የሚታወቀው ዝሆኔ ከትንኝ በሚመጣ ትል የሚነሣ ነውና የኢትዮጵያ ደጋ ዝሆኔም እንዲሁ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበረ። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የነበረ አርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ግን ነገሩን በጥንቃቄ ተመለከተ። ትንኟ በማትኖርበት ከፍታ እግር ሲያብጥ አየ፤ በሽታው ቀዩን አፈር እንደሚከተልም አስተዋለ፤ በበሽተኞቹ ንፍፊት ውስጥም ከአፈር የገባ ደቃቅ ማዕድን ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ ይኸውም በጽርእ ቋንቋ ከእግርና ከአቧራ የተገጠመ ነው። ኋላ በተደረገ ምርመራም አፈሩን ከረገጡት መካከል አንዳንዶቹን ለይቶ የሚያሳምማቸው ከትውልድ የወረሱት ጠባየ ሥጋ መሆኑ ተገለጠ።

ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያውም ጫማ፥ ውሃና ሳሙና ነው፤ እግሩን በየቀኑ አጥቦ፥ ቅባት ቀብቶ፥ ጫማ ያደረገ በሽተኛ እብጠቱ ይቀንስለታል። ነገር ግን ይህ ሳይታወቅ ሲኖር፥ ዛሬም ባልታወቀበት መንደር፥ ዝሆኔ ያለበት ሰው ከማዕድ ይለያል፤ ልጁን የሚያገባለት ያጣል፤ አንዳንዱም የኀጢአት ዋጋ ነው ይለዋል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የማን ኀጢአት ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ ኀጢአተኛ ከመፈለግ የሚመልስ መልስ እንደ ነበረ ካህናት ያውቃሉ። ከቀይ አፈር የመጣውን ደዌ ከርግማን የመጣ ማለት ሐኪም ከሚሳሳተው ስሕተት የከፋ ነው፤ የሐኪሙ ስሕተት በምርመራ ይታረማል፥ ይህ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

የቀዶ ጥገና ሐኪም ደግሞ ከሌላው ይልቅ በዚህ ነገር ይፈተናል፤ በእጁ ያለው ቢላዋ ነውና፥ ቢላዋ የቈረጠውም እንዳልተቈረጠ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ ያህል ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አከርካሪንም ይበላል። ከአከርካሪው የሚወጣው መግል በጡንቻ ውስጥ ወርዶ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ እባጭ ሆኖ ይታያል። ይህ እባጭ እንደ ሌላው እባጭ አያቃጥልም፥ አይቀላምም፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ እባጭ ይባላል። ምንጩን ሳይጠይቅ የፈነዳ መግል ነው ብሎ የሚከፍተው ሰው ሌላ ተሕዋስ ያስገባበታል፤ ቁስሉም ሳይደርቅ ሲፈስስ ይኖራል፤ አከርካሪውም ከበስተኋላ መበላቱን አይተውም። ይህን ሰው በይበልጥ የሚያድነው ለወራት የሚዋጥ የነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው ነርቭ ሲጨፈለቅና ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። መቍረጥ ከሚችል እጅ ይልቅ መታገሥ የሚችል እጅ የሚመሰገንበት ጊዜ አለ።

ባላገሩም ቢሆን ከማስተዋል ባዶ አልነበረም። በካላ አዛር ከታመሙት ብዙዎቹ በጣፊያቸው ላይ የተበጡበት ወይም የተተኮሱበት ጠባሳ ይታይባቸዋል። የመንደሩ ዐዋቂ የሕመሙን ስፍራ በእጁ ዳስሶ አግኝቶ ነበር፤ የጎደለው መድኃኒቱ ነበረ። ሐኪም ያን ጠባሳ ባየ ጊዜ ሊስቅበት አይገባውም፤ ሊያነበው ይገባል እንጂ። ጠባሳው «እዚህ ላይ አሞኝ ነበር» የሚል ደብዳቤ ነውና።

የሚቈይ በሽታ ከሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ከሌላውም ትዕግሥት ይሻል። የነቀርሳ መድኃኒት በተሻለ ጊዜ ቢቋረጥ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። ካላ አዛር ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ሲገባ ከዳነም በኋላ ደጋግሞ ይነሣል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ገንዘቡን ጨርሶ፥ ተስፋውንም ቈርጦ፥ ወደ ጸበል ይሄዳል፤ ከሐኪም አስቀድሞ ጭንቀቱን የሚሰማውም ካህኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ ማስተማራቸው ይታወሳል። በዚህም ጸሎትና መድኃኒት እንደ ባላንጣ እንዳይታዩ በር ተከፈተ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው «ጸበሉን ተጠመቅ፥ ደምህንም አስመርምር» የሚል ካህን ከእምነቱ አንዳች አላጎደለም፤ ምናልባትም አንድ ቤተ ሰብ ከሞት አተረፈ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ተረት የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው፤ የሊቦ ከምከም ነገር ግን ሌላ ገጽ አሳየ። እነዚያ ሰዎች በሽታቸውን አልደበቁም፤ ትኩሳታቸውን ተናግረዋል፥ ሆዳቸውንም አሳይተዋል። የደበቃቸው የተሰጣቸው ስም ነው።

በጋፋት የነበሩት ሠራተኞች መድፉን ለማውጣት በሞከሩ ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ሳይሰምር የቀረውን ብረት ግን መድፍ ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ ምድጃውን እንደገና አዩት እንጂ። ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጐተተው ከዚያ በኋላ ነው። ለብረት የተደረገው ይህ ቅንነት ለሰው ሥጋ ሊነፈግ አይገባም። መድኃኒቱ ሳይሠራ የቀረበት በሽተኛ ተመልሶ በደጅ በቆመ ጊዜ ሐኪሙ ሊመረምር የሚገባው የበሽተኛውን ዕድል አይደለም፤ አስቀድሞ ራሱ የሰጠውን ስም ነው።